መሪ ሲንቀጠቀጥ ዳምፐር ከመግዛት በፊት እግር ሥሩ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ላንድ ክሩዘር ወይም ኮስተር ላይ አልጋ፣ የውኃ ታንከርና ማብሰያ አስገጥሞ ጎብኚ የሚያጓጉዝ፣ አለዚያም ቤተሰቡን ይዞ ጣና ዳር ሊያድር የሚያስብ ሰው ጋራዥ ሲመጣ አንድ ጥያቄ አያጣም። «የመሪ ዳምፐር ባስገባበት መኪናው መንገድ ይይዝልኛል ወይ?» ይላል። በዚህ ጉዳይ ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው ይወጣል፤ ከገንዘቡ የሚብሰው ደግሞ አደገኛ ጉድለት ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ በእግር ሥር (የጎማ፣ የመሪና የሞላ ክፍሎች) ጥገና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች የምናውቀውን ለአንባቢ እንድታደርሱልን እንጠይቃለን።

መልሳችን አጭር ነው። ዳምፐር ይጠቅማል፤ የሚገባው ግን ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ዳምፐሩ ጋደም ብሎ የሚታሰር ሾክ አብዞርበር ነው። አንዱ ጫፍ በአክስሉ ወይም በሻሲው ላይ፣ ሌላው ጫፍ ጎማዎቹን በሚያዞረው የመሪ ዘንግ ላይ ይያዛል። ውስጡ ዘይትና ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቆ ያልፋል። ዘይቱ የሚቃወመው የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ነው። ጎማው ድንጋይ መትቶ መሪውን ከእጅ ሊነጥቅ ሲል ዳምፐሩ ይጠነክራል፤ በዝግታ የሚመጣ ግፊት ላይ ግን የሌለ ያህል ነው። እጁን ውኃ ውስጥ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል ያንቀሳቀሰ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

እንግዲህ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር በሚያስገባ፣ ሞገድ ሞገድ በሠራ የጠጠር መንገድ ላይ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የመሪው ምት ይለዝባል፣ የሾፌሩ ክንድ ያርፋል፣ ቴስቲኒዎቹም (የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎቹ) ላይ የሚያርፈው ዱላ ይቀንሳል። ቶዮታ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የሚያስገባውም ለዚህ ነው፤ የፊት አክስላቸው ድፍን ስለሆነ የአንዱ ጎማ ምት በቀጥታ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በአንጻሩ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከፍ ዝቅ በሚሉበትና መሪው ባለ ራክ (ባለ ጥርሳም ዘንግ) በሆነው ሚኒባስ ላይ ዳምፐር ቢጨመር የሚገኘው ትርፍ እዚህ ግባ አይባልም። «ዶልፊን» ላይ ካልተገጠመልኝ ብሎ የሚከራከር ደንበኛ ገንዘቡን ጎማ ቢገዛበት ይሻለዋል።

ነፋስስ? ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ገላጣ አምባ ላይ የጎን ነፋስ ሲነሣ፣ ወይም አገር አቋራጭ አውቶቡስ አጠገብ ሽው ብሎ ሲያልፍ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ካምፐር (ማደሪያ የተደረገ መኪና) ወደ ዳር ይሸሻል። ይህን ዳምፐር አያቆመውም። ነፋሱ የሚገፋው የመኪናውን ገላ ነው፤ ግፊቱም ለሰከንዶች የሚቆይ ስለሆነ ዘይቱ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። አስፋልቱ ለውኃ መፍሰሻ ወደ ቀኝ በማዘንበሉ የሚመጣው መጎተትም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ የሚያድነው የጎማ ነፋስ ልክ፣ የጭነት አቀማመጥ፣ ያልሞቱ ሾክ አብዞርበሮችና የመኪናውን ገላ ማዘንበል የሚገታው የስታቢላይዘር ባር ናቸው።

በአሜሪካ በፎርድ ኤፍ-53 ሻሲ ላይ ለሚሠሩት ትልልቅ ሞተርሆሞች ሴፍ-ቲ-ፕላስ፣ ሮድማስተርና ብሉ ኦክስ የተባሉ አምራቾች ሌላ ዓይነት ዳምፐር ያቀርባሉ። ይኸኛው መሪውን ወደ መሃል የሚመልስ ኃይል አለው፤ የሮድማስተሩ በላዩ ላይ ሞላ የተጠመጠመበት ነው፣ የብሉ ኦክሱ ደግሞ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ መሃሉን እንዲያስተካክል ይፈቅዳል። ለስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ለሚነዳ ሾፌር ድካም መቀነሱን አንክድም። እኛ ጋ ግን ሁለት ነገር ያሳስበናል። መንገዱ ከጥምዝ ወደ ጥምዝ ስለሆነ ሾፌሩ በየመታጠፊያው ከሞላው ጋር ይታገላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የፊት ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ መሪው ወደዚያ ወገን በመጎተት የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሞላው ይውጠዋል። ሾፌሩ የጎማው ነፋስ ሊያልቅ እየደረሰ ምንም አይሰማውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር መካከል አንድ ጉድጓድ ሲነካ የሚጀምር፣ መኪናው በጣም እስኪዘገይ የማይተው ኃይለኛ የመሪ መንቀጥቀጥ አለ። ብዙ ሰው «ዳምፐሩ ሞቷል» ብሎ አዲስ ይገዛል፤ መንቀጥቀጡም ጥቂት ወራት ይጠፋል። ምክንያቱ ግን እዚያው አለ። የላላው ቦኮላ (በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው እጀታ) እየሰፋ ይሄዳል፣ ዳምፐሩ ያለ ሥራው ሌት ተቀን ሲመታ ዘይቱ ይግላል፣ ጎሚኒው ያረጃል፣ ዘይት መፍሰስ ይጀምራል። መንቀጥቀጡ ሲመለስ ከፊተኛው ይብሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ዳምፐሩን በአንድ ጫፍ ፍቱት። ፈታችሁት ስትጨርሱ በእጅ ግፉት፣ ሳቡት፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩልና ያልተቋረጠ ተቃውሞ መስጠት አለበት። መሃል ላይ ባዶ ሆኖ ዘሎ የሚሄድበት ቦታ ካለ፣ ወይም ዘንጉ ላይ የዘይት እርጥበት ከታየ አልቋል። በእግር ሥሩ ላይ ያለውን ልልነት ማየት የሚቻለው ግን ዳምፐሩ ተፈትቶ ሳለ ነው።

የፊቱን በክሪክ አንሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙት። ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ እንቅስቃሴው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ የኪንግ ፒኑ (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ) ኩሽኔታ ወይም ቦኮላ ነው። ይህቺ አንዲት ፍተሻ ብቻዋን ስንት ያለ ጥፋቱ የተለወጠ ዕቃ ባዳነች ነበር! ከዚያ ጎማውን በግራና በቀኝ ይዞ ማወዛወዝ ነው፤ እዚህ የሚታየው የቴስቲኒ ልልነት ነው።

ቀጥሎ መኪናው መሬት ላይ ይውረድ፣ ሞተሩ ይነሣ፤ ረዳቱ መሪውን ወዲህና ወዲያ በትንሹ በፍጥነት ይነቅንቅ። ሥር የገባው ባለሙያ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ እጁን ያሳርፍ። ዓይን የማያየውን ክፍተት እጅ ይይዘዋል። የፊት ሞላ ባላቸው ላንድ ክሩዘሮች ላይ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሸሽ ከሻሲው ጋር የሚያስረው ፓናርድ ሮድ በሁለቱም ጫፍ ቦኮላ አለው፤ ብዙ ጊዜ የዚያ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ መነሻ እሱ ነው። ቦኮላው ደህና ሆኖ ቡሎኑ ከላላም፣ ወይም የቡሎኑ ቀዳዳ ተቦርቡሮ ሞላላ ከሆነም ውጤቱ አንድ ነው። ባሌስትራ (የተደራረበ ጠፍጣፋ ሞላ) ባላቸው መኪኖች ላይ የባሌስትራውን ቦኮላና ማሰሪያ ቡሎኖች ተመልከቱ። የመሪ ሳጥኑ ሻሲው ላይ የታሰረበት አካባቢ መሰንጠቁም ይታይ፤ ብዙ የጠጠር መንገድ የበላ መኪና ላይ ያጋጥማል። የሳጥኑን ማጥበቂያ ቡሎን አጥብቆ «ልልነቱ ጠፋ» ማለት አይበቃም። ከልክ በላይ ሲጠብቅ መሪው መሃል ላይ ይያዛል፣ ከታጠፈ በኋላም በራሱ አይመለስም፤ ሾፌሩም ሳያቋርጥ ሲያርም ይውላል።

ጎማ ላይ ሦስት ነገር እንይ፦ ባላንስ፣ ክብነትና ዕድሜ። የጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ «2319» ማለት በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ካምፐር ብዙ ቀን ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ የሚሰነጠቅ ጎማ የተለመደ ነው፤ ጥርሱን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ነፋሱ የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ደጀን ላይ የሞላነውን ዓባይ በረሃ ስንወርድ እንቀንስ ወይ የሚሉም አሉ። ከ1,300 ሜትር በላይ ስንወርድ የአካባቢው አየር ግፊት ስለሚጨምር በመለኪያው ላይ ወደ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ሲጨምር ደግሞ 50 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ ወደ 2 ይጨምራል። አንዱ ሌላውን ያጣፋል፤ አትንኩት።

ስለ ጭነት ጥቂት እንጨምር። ካምፐር ሲሠራ ከባዱ ነገር ሁሉ ከኋላ በር አጠገብ መታጨቁ ልማድ ሆኗል። የላንድ ክሩዘር 78 የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2,980 ሚሊ ሜትር ነው። 100 ሊትር ውኃ ከኋላ አክስሉ አንድ ሜትር አልፎ ቢቀመጥ፣ ከፊት አክስሉ ላይ ወደ 34 ኪሎ ያነሣል፤ የኋላው ደግሞ 134 ኪሎ ይሸከማል። ፊቱ በቀለለ መጠን መሪው ይሳሳል፣ መኪናው ይንሳፈፋል። ይህን ሰው በዳምፐር ሊያርመው ሲሞክር ስናይ እናዝናለን፤ ታንከሩን ከኋላ አክስሉ ወደ ፊት አስጠግቶ፣ ዝቅ አድርጎ መትከል ነበር መድኃኒቱ። ፖርቶ መጋላ ላይ ጀሪካንና ጎማ መከመርም ከዚሁ ይመደባል። መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ የእህል ነጋዴዎች በሚጠቀሙበት የመኪና ሚዛን ላይ የፊት አክስሉ ብቻውን፣ ከዚያ ሁለቱም ይመዘኑ፤ ውጤቱ ፋብሪካው ከሰጠው ልክ ጋር ይነጻጸር። ሞላው በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የተደረገ መኪና ከሆነ የኪንግ ፒኑ ዘንበል ማለት ይቀንሳል፤ መሪው ወደ መሃል የሚመለሰው በዚያ ዘንበል ነውና ለዚሁ የተሠራ ቦኮላ ገብቶ መታረም አለበት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ዳምፐር ካስፈለገ፣ አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን። መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞር ዘንጉ የሚጓዘውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዳምፐሩ ፒስተን ቢያንስ 225 ሚሊ ሜትር መጓዝ መቻል አለበት፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም ፒስተኑ መሃል ላይ ሆኖ በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ትርፍ ይቅር። ትርፍ ከሌለ መሪውን የሚያቆመው የፋብሪካው ማቆሚያ መሆኑ ቀርቶ ዳምፐሩ ይሆናል፤ ያኔ ዘንጉ ይጣመማል ወይም ማሰሪያው ይገነጠላል። ማሰሪያውን የመሪ ዘንግ ላይ መበየድ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀቱ ብረቱን ያደክመዋል። በዩ-ቡሎን ይታሰር፣ ከማስተካከያው ጥርስ ራቅ ብሎ። የፍሬን ቱቦ እንዳይነካ በሙሉ መታጠፊያ፣ ፊቱ ተነሥቶም ዝቅ ብሎም ይታይ። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ኮፒሊያ ይመለስ።

ቦታው ልክ የሆነ ተራ ሾክ አብዞርበር አጋድሞ የሚያስር ጋራዥም አለ። ባለ ጋዝ ከሆነ ዘንጉን ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ 14 ሚሊ ሜትር ዘንግና 10 ባር ጋዝ ቢኖረው ግፊቱ ወደ 15 ኪሎ ነው፤ መሪውን ወደ አንድ ወገን ሲጎትት ይኖራል። ባለ ዘይቱም ቢሆን ቆሞ እንዲሠራ የተሠራ ከሆነ ሲጋደም አየር ወደ ፒስተኑ ይገባበታል፣ ባዶ ቦታ ይፈጥራል።

የጎማ ፍንዳታን በተመለከተ፣ ዳምፐር የመጀመሪያውን ምት ያለዝባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጎተት ግን የማያቋርጥ ስለሆነ የሚይዘው የሾፌሩ እጅ ነው። ፍሬን በኃይል አይረገጥ፤ መሪው ቀጥ ተደርጎ ይያዝ፣ ነዳጁ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይለይ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ተጨማድዷል፤ እዚያ ላይ የሚሰማው ምት የመንገዱ ነው፣ ዳምፐርም ያግዛል። መሪው የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን የተጣመመ ዲስክ ወይም ታምቡር ነው። ጠንካራ ዳምፐር ይህን ምልክት ያጠፋዋል፣ ሾፌሩም ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ እየወረደ የጋለ ፍሬን ይዞ ድልድዩ ይደርሳል።

በመጨረሻ ለዓመታዊ የቦሎ ምርመራ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። የፊት ልልነት ሲመረመር የዳምፐሩ አንድ ቡሎን አስቀድሞ ይፈታ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዳምፐሩ ተፈትቶ ሲመረመር እግር ሥሩ ልል ሆኖ የተገኘ መኪና ቦሎ ሳይሰጠው ወደ ጋራዥ ይመለስ።

ከደብረ ማርቆስ፣ የእግር ሥር ጥገና ባለሙያዎች