ከ«ዕድል አልነበረንም» ይልቅ ደቂቃውን ጻፉልን

ለስፖርት ዝግጅት ክፍሉ

ዋልያዎቹ 1 ለ 0 በተሸነፉ ማግስት የስፖርት ገጻችን ወይ «ዕድል ፊቷን አዞረችብን» ይላል፣ ወይ «ተስፋ ሰጪ እንቅስቃሴ አሳዩ»። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ይዞ ጨዋታ ለሚተነትን የድሬ ልጅ ሁለቱም ጠብ አይሉለትም። ተስፋ እናድርግ ካላችሁ ምኑን ይዘን?

ጥር 1 ቀን 2014 በአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ (ካሜሩን) ላይ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 የተሸነፍንበትን እንውሰድ። ተከላካያችን ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቪዲዮ ዳኝነት ታይቶ በቀይ ወጣ። ግቡ የመጣው በመጀመሪያው አጋማሽ ጭማሪ ሰዓት፣ ከመስመር ተሻምቶ ጁሊዮ ታቫሬስ በግንባሩ ባስቆጠረው ኳስ ነው። ከእረፍት መልስ 10 ሆነን ሌላ አልገባብንም።

ቀይ ካርዱም ግቡም በልምምድ የሚታረሙ ናቸው። የመጨረሻው ተከላካይ አጥቂ ካመለጠው፣ ጨዋታው ገና በጠዋቱ ከሆነ፣ ጎትቶ ከመጣል ግብ ቢቆጠርበት ይሻላል፤ አንድ ግብ ይመለሳል፣ የወጣ ተጫዋች አይመለስም። የተሻማውን ኳስ በተመለከተ ግን ታዳጊ የምታሠለጥኑ ሁሉ 10 ለ 11 አጫውቱ። አሥሩ በ4-4-1 (ከበረኛው ፊት አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ አንድ አጥቂ) ይቁሙ፣ አሥራ አንዱ ከመስመር ብቻ ያሻሙ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ የመስመር አማካዩ እረፍት ደረሰ ብሎ በእርምጃ ይመለሳል፣ የመስመር ተከላካዩ ብቻውን ሁለት ሰው ይገጥማል፣ የመሀል ተከላካዮቹ ኳስ ኳስ ሲያዩ ከጀርባቸው ያለው ይዘላል። ተከላካዩ ኳሱንም ሰውየውንም እንዲያይ ጎኑን ሰጥቶ ይቁም። በድሬ ፀሐይ ይህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ካላለቀ ልጆቹ የሚማሩት መዛል ብቻ ነው።

ሒሳቡንም አስረዱን። በ24 ቡድን የአፍሪካ ዋንጫ ከስድስቱ ምድብ ሦስተኞች አራቱ ስለሚያልፉ 1 ለ 0 መሸነፍ በር አይዘጋም። የጎዳን ቀጣዩ ጨዋታ ነው፤ ከካሜሩን ጋር እስከ እረፍት 1 ለ 1 ቆይተን 4 ለ 1 ተሸነፍን።

ያቺ ኬፕ ቨርዴ የሕዝቧ ብዛት ከድሬዳዋ አስተዳደር ጋር የሚቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. የ2017ም የ2019ም የአፍሪካ ዋንጫ አምልጧት ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2018 ኢስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። እኛም ከያውንዴው ሽንፈት አምስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014፣ የዚያው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ተፋላሚ የነበረችውን ግብፅን 2 ለ 0 ረትተናል (ሳላህ አልተሰለፈም፣ ይህም አይረሳ)። ግን «በሜዳችን» የተባለው ያ ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረንማ! በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ምድባቸውን የተጫወቱት እዚሁ ድሬዳዋ ነበር። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ጉዞዋን የጀመረችው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ጨዋታ በኋላ ግቡ በስንተኛው ደቂቃ፣ ከየትኛው መስመር፣ በማን ክልል እንደገባ በሠንጠረዥ አውጡልን። ከጎኑም የድሬዳዋ ስታዲየም ከመብራት፣ ከመቀመጫና ከመልበሻ ክፍል የጎደለው ምን እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚጨርሰው ጠይቃችሁ ጻፉ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን