በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰብህስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ መቆየቴ ከሥራ ብዛት እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ስለዚህ ሰበብ አላበዛም። የተኳረፍነው በአንዲት ቃል ምክንያት ነበርና ዛሬም የምጽፍልህ ስለ እርስዋ ነው።

ያን ቀን መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ የቀረው ግማሽ ቀን ነበር። አንተ ለእርማት በወሰድኸው ጽሑፍ ላይ «ፍሬ ከርስኪ» የሚለውን በቀይ ሠርዘህ፣ በኅዳጉ «ይህ የእመቤታችን ምስጋና ነው፤ ለአልባሌ ነገር አይውልም» ብለህ ጽፈህ ነበር። እኔ ቃሉን መልሼ አስገባሁት። አንተም ወረቀቱን ይዘህ ወደ ቢሮዬ መጣህ፤ እኔም ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጣብቄ «እባክህ በዚህ ሰዓት በፍሬ ከርስኪ አታስቸግረኝ» አልሁህ። ያልሁትን የሰማሁት አንተ ቀዩን እስክሪብቶ ክዳኑን ገጥመህ ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጥህ በኋላ ነው። እስክሪብቶው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ግን ደርቋል።

የቃሉን ምንጭ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኤልሳቤጥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 42 «ቡርክት አንቲ እምአንስት ወቡሩክ ፍሬ ከርሥኪ» ስትል፣ «የማኅፀንሽ ፍሬ» ብላ የምትባርከው በእመቤታችን ማኅፀን ያለውን ነው፤ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን የሚደግም ሰው ሁሉ ይህንኑ ይላል። ያን ጊዜ እኔን ያታለለኝ የቃሉን አመጣጥ አለማወቄ አልነበረም፤ አውቀው ነበር። ያላስተዋልሁት አማርኛችን በዚህ ቃል ላይ የሠራውን ሥራ ነው። ፍሬ በገባበት ሁሉ ቁም ነገር አለ፤ ፍሬ ነገር፣ ፍሬ ሐሳብ፣ ፍሬያማ ውይይት እንላለን። ፍሬ ከርስኪ ብቻውን ከቤተ ዘመዱ ተለይቶ በተቃራኒው ቆመ፤ «ፍሬ ከርስኪውን ተውና ወደ ፍሬ ነገሩ ግባ» ሲባል አንዱ ፍሬ ሌላውን ከደጅ ያስወጣዋል። ከርስም ቢሆን ዕጣው እንደዚያው ነው። ሆዳሙን ሰው «ከርሳም» ብለን የሰደብንበት ቃል፣ ጉድጓድ የሚቆፍር መሐንዲስ ዘንድ ሲደርስ «የከርሰ ምድር ውኃ» ተብሎ ይከበራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቦ የሚሥቅ ሰው ግን የለም።

ሌላ ያላሰብሁት ነገር፣ ቃሉ በዘፈቀደ ለማንኛውም ዋጋ ቢስ ነገር የሚወረወር አለመሆኑ ነው። ቤት የሚቀይር ሰው ጋሪ ላይ የሚጭነው ኮተት ነው፤ በጓዳ ጥግ የተከማቸው የተሰበረ ወንበርና የጎደለ ድስት ቅራቅንቦ ነው፤ ከገበያ በርካሽ ተገዝቶ ሳምንት የማይዘልቀው ትርኪ ምርኪ ነው። ሰው ሲናቅ ደግሞ ምናምንቴ ይባላል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችንም የዔሊን ልጆች የሚጠራቸው በዚሁ ነው። ፍሬ ከርስኪ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የሚነገረው ለወሬ፣ ለክርክር፣ ለሰበብ ነው፤ ያውም ዋናውን ጉዳይ ከፊት ቆሞ ለሚጋርደው ትንሽ ጉዳይ። «እንቶ ፈንቶ» ይቀርበዋል፤ እንቶ ፈንቶ ግን ዝም ብሎ ባዶ ነው እንጂ የሚጋርደው ነገር የለውም። እንግዲህ ያን ቀን የአንተን እርማት በዚህ ስም ስጠራው፣ ትንሽ ነው ማለቴ ብቻ ሳይሆን መንገድ ዘግተህብኛል ማለቴም ነበር። ከስድብ የሚከፋው ይህ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ ባለፈው ኅዳር 21 በጎረቤታችን ቤት የተደገሰው የጽዋ ማኅበር ነው። ጸሎቱን ያደረሱት የቤቱ እናት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እማማ ነበሩ። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን በግእዙ ሲሉ «ወቡሩክ» ብለው ትንሽ ያርፋሉ፣ ከዚያም «ፍሬ ከርሥኪ» ሲሉ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ወጣቶቹ በእግር ኳስ አሠልጣኝ ጉዳይ ድምፃቸው ከፍ አለ። እማማ ሙዳዩን ለልጃቸው አቀበሉና «በሉ እናንተ ልጆች፣ ፍሬከርስኪያችሁን ተዉና ዳቦው ሳይደርቅ ብሉ» አሉ። በመካከሉ ሩብ ሰዓት እንኳ አላለፈም። ፊታቸውን አየሁት፤ ደፈርሁ ብለው የደነገጡበት ምልክት አልነበረም። የመጀመሪያውን አርፈው፣ ለያይተው ነበር ያሉት፤ ሁለተኛውን ግን በአንድ ትንፋሽ እንደ አንድ ቃል ነው የጣሉት። በእርሳቸው አፍ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

ስለዚህ፣ ወዳጄ፣ ግማሹን እለቅልሃለሁ፣ ግማሹን ግን አልለቅም። ቃሉን ከሰው አፍ መሠረዝ አይቻልም፤ ስለ ዋጋ መናር «እግዚኦ!» የሚለውን ገበያተኛም ዝም ማሰኘት አይቻልም። እኔም በጽሑፍ ላይ ሳገኘው አልሠርዘውም። አንተ ግን የጠየቅኸው እንዲለዩ ነበር፤ በዚህስ ልክ ነበርህ፤ መለያውም ከፊታችን ተቀምጦ ነበር። የምስጋናው ከርሥ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። አሁን በዝግጅት ክፍላችን የጸሎቱ ሲመጣ በንጉሡ ሠ፣ ለያይተን፤ የወሬው ሲመጣ በእሳቱ ሰ፣ አጋጥመን «ፍሬከርስኪ» ብለን እንጽፋለን። ወጣት አራሚዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የማን እርማት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፤ ቀድሞ የተናገርሁህን ግን ለመናገር እስካሁን አፍሬአለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከአንተ በቀር የምጠይቀውም የለኝም። በጎጃሙ የቅኔ ቤት በዋሸራ ቅኔ ስትቆጥር በነበርህበት ዘመን፣ ተማሪዎቹ ማታ ማታ በግእዝ ሲቀልዱ ይህቺን ሐረግ ለጨዋታ ሲያውሏት ሰምተህ ታውቃለህ? ወይስ የኔታ ይቆጡ ነበር? በምታውቀው በቀድሞው አድራሻዬ ጻፍልኝ። ደብዳቤዬ ላይ የምታርመው ብታገኝም በቀይ አድርገህ መልሰህ ላክልኝ።

አክባሪህና ናፋቂህ፣
የቀድሞ ባልደረባህ