የቅዳሜው የሐይቅ ዳር ጉዞ

ሰላም ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ እንገናኝና በዳርቻው ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ እናዘግማለን። ጥላ ያለው የመዝናኛ መንገድ ለምዶብናል። እኔ ግን የምወደው ድንጋያማውን ነው።

ትናንት ብቻዬን ሄጄ አይቼው መጣሁ። ሐዋሳ ሐይቅ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ግንድ ሁሉ ውሎ አድሮ ማዕበል ዳር ያወጣዋል። አንዱ የሰው ቁመት ያክላል። ልጡ ተልጦ እንደ አጥንት ነጥቷል፤ ስሩ ላይ የተበጠሰ የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበታል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ላዩ ላይ ቆሞ በንቀት አየኝ። እኔም መንገድ ለቀቅኩለት፣ ምን ላድርግ!

እርጥብ ግንድ ላይ አትርገጡ፣ ያንሸራትታል። ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ነጠላ ጫማ ይዞ የሚመጣ ተሸክመን አንመልሰውም። ውሃው ውስጥ እግር መንከርም ይቅር፣ ብልሃርዝያ አለ። ጉማሬ ካያችሁ ፎቶውን ከሩቅ፣ በእሱና በውሃው መሃል ግን በፍጹም አትግቡ።

መጨረሻችን ዓሣ ገበያው ነው። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚደፍር ይድፈር፣ እኔ ሾርባዬን እጠጣለሁ።

የምትቀሩ እስከ ዓርብ ማታ ንገሩኝ።