ከቆጡ ላይ ስለወረደው መጽሐፍ ለአባቴ የጻፍሁት ደብዳቤ

ጎንደር፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቤቱም ደኅና ነው፤ ሲያፈስ የከረመው ጓዳ ተጠግኗል።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «ለተማሪዎችሽ ይህን ሁሉ የጨለማ ልቦለድ የምታስነብቢያቸው ለምንድን ነው? ያዩት አንሷቸው ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ለእኔ ከመስጋት እንደመጣ ስለማውቅ፣ ተቻኩዬ ከምመልስ አስቤበት ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ጓዳው ሲጠገን ከቆጡ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ወረደ። ሽፋኑና የመጀመሪያው ገጽ ተገንጥለው፣ በምትካቸው የሒሳብ ደብተር ሽፋን ተሰፍቶበታል። ስፌቱ የእርስዎ እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ፤ ጥቂት እንዳነበብሁም ኦሮማይ መሆኑን ለየሁ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም ከሥራው ተባርሮ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ የቀረበት መጽሐፍ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በራሳችን ቆጥ ላይ ተኝቶ ኖሯል።

የኦሮማይ መታገድ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ ገና ትኩሱ ያልበረደውን የኤርትራን የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ገና በሥልጣን ላይ ባለው በደርግ መንግሥት ፊት የተረከ ነው። እኔን ሲያስጨንቀኝ የኖረውና ለተማሪዎቼም የማነሣላቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ዲስቶፒያ የሚባለው የጨለማ ልቦለድ ዓይነት የሚተርከው በካርታ ላይ ስለሌለ አገርና ገና ስላልመጣ ዘመን ሆኖ ሳለ፣ የዛሬ ገዢዎች ለምን ይፈሩታል?

ዬቭጌኒ ዛምያቲን የሚባል ሩሲያዊ «እኛ» የተሰኘ ልቦለድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 እና በ1921 ጻፈ (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ይያዙልኝ)። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ቤታቸው ሁሉ መስተዋት ስለሆነ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ጠባቂውም ሁሉንም ያያል፤ በመጨረሻም መንግሥቱ የሰዎችን ምናብ በቀዶ ሕክምና ያስወጣል። በመጽሐፉ ውስጥ ሩሲያ የሚባል አገር በስም አይከሰስም። ሆኖም መጽሐፉ በ1924 በእንግሊዝኛ ኒውዮርክ ታትሞ ሲወጣ፣ በአገሩ እስከ 1988 ድረስ ሳይታተም ቆየ። ዛምያቲን ራሱ ቀድሞ ከቦልሼቪኮቹ፣ በኋላ ሥልጣን ከያዙት ኮሚዩኒስቶች፣ ወገን ሆኖ የታሰረ ሰው ስለነበር፣ የሚተቸውን ነገር ከውስጥ ያውቀው ነበር። በ1931 መጻፍ ለማይፈቀድለት ደራሲ አገሩ የሞት ፍርድ እንደሆነችበት ለስታሊን በደብዳቤ ገልጾ፣ ተፈቅዶለት ወጣ።

ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ በልጅነትዎ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ የቆጠሩ ነዎትና። ባለቅኔው ሰሙን ይሰጣል፣ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የመስተዋቱ ቤት ሰም ነው፤ አንባቢው «ይህማ የእኛ ቀበሌ ነው» ባለ ጊዜ ወርቁ ይወጣል። ሳንሱሩም «ይህ እኛን ይሰድባል» ብሎ ሲከለክለው፣ ወርቁን በገዛ አፉ ፈታው ማለት ነው። ከታገዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ ስለዚህ የታገዱ ይመስለኛል፤ አንባቢው ራሱን ሳይጠየቅ ስለሚያገኝባቸው።

የጆርጅ ኦርዌል «1984» በ1949 ከታተመ በኋላ በሶቭየት ኅብረት የኮሚዩኒዝም ጠላት ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ሲከለከል፣ በ1981 ደግሞ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ኮሚዩኒዝምን ይደግፋል የሚል አቤቱታ ቀረበበት። አንዱን መጽሐፍ ሁለት ባላጋራዎች የየራሳቸውን ወርቅ አወጡለት። የአልዶስ ሃክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» በ1932 በአየርላንድ የታገደው ግን በግብረገብና በሃይማኖት ስም ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ወላጆች ለልጃቸው ዕድሜ ተጨንቀው የሚያነሡትን አቤቱታና ደራሲን ከቤቱ እንደወጣ የሚያስቀር መንግሥትን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፤ ተማሪዎቼም እንዲያደባልቁት አልፈቅድም። ይልቅ የሚከነክነኝ ድምፅ የሌለው እገዳ ነው። የሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት ዘመን የተጻፈ ነው፤ ከ1967 ጀምሮ ለትምህርት ቤት በወጣው እትም ላይ አሳታሚው ደራሲውን ሳያማክር ቃላት እየለቀመ አወጣበት፣ ብራድበሪም ይህን የሰማው በ1979 ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከሁሉ አስቀድሜ የማስነብባቸው የአቤ ጉበኛን አልወለድም ነው። በ1955 ዓ.ም. ታትሞ በንጉሡ ዘመን የታገደው ይህ ልቦለድ፣ ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልመጣም ብሎ በማኅፀን ሳለ ስለሚሟገት ጽንስ ይተርካል። ደራሲው ዘመንን ወደፊት መግፋት ሳያስፈልገው፣ ገና ባልተወለደ ልጅ ዓይን የገዛ ዘመኑን አሳየን። ርእሱን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። በቀይ ሽብር ጊዜ የዚህች የጎንደር እናቶች ልጆቻቸውን እንዲምርላቸው ገዢውን ሲማጸኑ «የዛሬን ማርልኝ፣ ሁለተኛ አልወልድም» ብለው ነበር። ከመጽሐፉ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ አንዲት ፊደል ብቻ በምትለየው ቃል፣ ጽንሱ ያለውን እናቲቱ ደገመችው። አያቴ ይህን ሙሾ ስታነሣ እርስዎ ተነሥተው ወደ ውጭ ይወጡ እንደነበር አልረሳሁም።

«ያዩት አንሷቸው ነው?» ላሉኝም መልሴ ይኸው ነው፤ አላነሳቸውም። ብዙ አይተዋል፤ ያዩትን የሚጠሩበት ቃል ግን የላቸውም። ባለፈው ወር ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ስለ መስተዋቱ ቤት ካነበብን በኋላ ተነሥታ፣ እናቷ ማታ ማታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገረው ለምን እንደሆነ አሁን እንደገባት ተናገረች። ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ለጊዜው የምለው ጠፋኝ።

ስጋትዎን አልናቅሁትም። የምንማረውን ሁሉ በግልጽ፣ በሰከነ ቋንቋ እንነጋገራለን፤ ከመጽሐፉም አንወጣም። ነገር ግን አባቴ፣ ያን መጽሐፍ ማቃጠል ቀላል በነበረበት ሌሊት መርፌና ክር ያነሡት እርስዎ ነዎት።

ለጥምቀት እንደሚመጡ ወንድሜ ነግሮኛል። መጽሐፉን ከላስቲኩ አውጥቼ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛዎ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ስፌቱን አልነካሁትም። የተገነጠለው የመጀመሪያ ገጽ የት እንዳለ ካስታወሱ ሲመጡ ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ