መኪናው ተጠገነ፤ ድንጋዩ ግን ቀረ

ክቡር አዘጋጅ፣

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ቤተሰቡን ጭኖ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አንዱን ጎማ፣ ሌላውን ቺንጋ፣ ሌላውን ራዲያተር ሳያስቸግረው አይቀርም። ጋራዥ በሌለበት ቦታ እጅጌን ሰብስቦ ራስ መጠገን ያለ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምከራከረው ለጎማ ታኮና ለምልክት ተደርድሮ፣ ጥገናው ካለቀ በኋላ አስፋልቱ ላይ ስለሚቀረው ድንጋይ ነው።

ዳር ቆሜ የምናገር እንዳይመስልብኝ፣ እኛም የዚሁ መንገድ ሰዎች ነን። ባለቤቴ የአሮጌ ሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች አውጥቶ ፍራሽ ዘርግቶበታል፤ ለቡታጋዟም የእንጨት መደርደሪያ ሠርቶላታል። አዲስ አበባ ደርሰን የምንመለሰው በዚሁ ነው። ዘመዶቼ «ሆቴል እያለ!» ብለው ይስቁብናል። ይሳቁ።

ባለፈው ስንመለስ ከጎሃ ጽዮን ወርደን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። ባለቤቴ የራዲያተሩን ክዳን አልነካም፤ በጋለበት ከተከፈተ ፊት የሚልጥ እንፋሎት እንደሚተፋ በረሃ የሠራ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ቱቦውን በጨርቅ አድርቆ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) በመቀስ የቆረጠውን ረጅም ጥብጣብ እየወጠረ ደራርቦ ጠቀለለበትና ሁለቱን ጫፍ በሽቦ አሰረው። ውኃ ከሞላ በኋላ ክዳኑን ግጥም አድርጎ አልዘጋውም፤ ግፊቱ ማሰሪያውን እንዳይበጥሰው ነው። የልጆቹ እሮሮ ግን ሌላ ነበር። ሞተሩን ለማገዝ በዚያ የዓባይ በረሃ ሙቀት የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተን ነው ደጀን የገባነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጎማዎቹ ሥር ታኮ፣ ከመኪናው ኋላ ደግሞ ለሚመጣው ሹፌር ምልክት ይሆን ዘንድ የደረደርነው ድንጋይና ቅጠል ነበር። ሞተር ሲነሳ ሰው ሁሉ በደስታ ይሳፈራል፤ ድንጋዩን ማን ያስታውሰዋል? በእኛ ቤት ታኮውን እኔ፣ የተደረደረውን ትልቁ ልጄ ሳናነሳ መኪናው አይንቀሳቀስም።

በዚያው ጉዞ ግን ሌላ ሰው ያላነሳው ጠበቀን። እንፍራንዝን አልፈን ወደ ማክሰኝት ስንቃረብ፣ ዓይን ሊይዝ ሲል፣ መንገዱ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ገጠመን። መኪና የለ፣ ሰው የለ፤ የፈሰሰ ዘይት ብቻ። ከፊት ለፊት የጭነት መኪና እየመጣ ስለነበር መሸሻ አልነበረንም። አንዱ ድንጋይ ከሥር ገብቶ የናፍጣ ታንኩን ሰነጠቀው። ባለቤቴ ደረቅ የልብስ ሳሙና በጣቱ እያሸ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቀበት። ናፍጣ ሳሙናን ስለማያሟሟው ጎንደር አደረሰን፤ ሽታው ግን ከፍራሹ አልወጣ ብሎ ከርሟል። ያ ሰው የራሱን መኪና ጠግኖ ሲሄድ የእኛን ሰበረ ማለት ነው። እኛስ ከፍ ያለ ሚኒባስ ላይ ነበርን። ባለሞተር ሳይክል ቢሆን ኖሮ ሳሙና የሚደርስለት አልነበረም።

መላው ውድ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ላለ አናጺ ቢነግሩት ከባሕር ዛፍ ግንድ ሁለት ታኮ ይጠርባል። በስተው ገመድ ያስገቡበትና ከመኪናው ጋር ይሰሩት፤ ረስተው ቢነሱ እንኳ ተጎትቶ ይከተላል እንጂ መንገድ ላይ አይቀርም። አንጸባራቂው ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ደግሞ በብዙ መኪና ውስጥ አለ፤ ለቦሎ ምርመራ ጊዜ ብቅ ይልና ተመልሶ ከነላስቲኩ ከወንበር ሥር ይገባል። ከዚያ ይውጣና ከመኪናው ኋላ ራቅ ተደርጎ ይቁም። ድንጋይ የግድ ከሆነ ደግሞ ያስቀመጠው ያንሳው።

ጋዜጣችሁ በበዓል ዋዜማ ስለ ፍጥነትና ስለ መጠጥ ሹፌሮችን መምከሩ ደግ ነው። ዘንድሮ ስለ ድንጋይም ሁለት መስመር ጨምሩልን፤ በተለይ ከአዲስ ዘመን ከተማ እስከ አዘዞ ማታ ለሚነዱት።

የሦስት ልጆች እናት
ከአዘዞ፣ ጎንደር