ከሽማግሌው በፊት ጤና ጣቢያ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የቤት ውስጥ ጥቃት ሕጎች የሰውን አመለካከት ለውጠዋል ወይ ሲባል የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ይጠቀሳል። ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 85 ነበሩ፤ በ2008 63 ሆነዋል። በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 ብቻ ናቸው። ይህ ልዩነት አያጽናናንም። ወንዱ ለጠያቂ ምን ማለት እንደሌለበት አውቋል፤ ሴቷ የምትናገረው የምታየውን ነው።

የምታየው የጎረቤቷ ክስ የት እንደደረሰ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ ጉዳት ማድረስን ወንጀል ቢያደርግም የራሱ ቅጣት የለውም፤ ከ555 እስከ 560 ወዳሉት ይመራል። ቀላል የአካል ጉዳት (556) የሚያስከስሰው ተጎጂዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ የማቅረቢያ ጊዜው ሦስት ወር። በዱላ ወይም ሌላ ጉዳት በሚያደርስ መሣሪያ ከሆነ አቤቱታ አያስፈልግም፤ ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ጥቂት ነው። አንቀጽ 560 ደግሞ ሰንበር፣ እብጠትና ቶሎ የሚያልፍ ሕመም የአካል ጉዳት አይደለም ይላል። ከዚህ ያላለፈ ድብደባ ቅጣቱ እስከ 300 ብር፣ ከከበደ እስከ ሦስት ወር እስራት። በ300 ብር ዛሬ ደሴ ገበያ ዶሮ አይገዛም፤ ይህን ያየ መንደር ምን ይማራል?

በወሎ የተመታች ሚስት ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ ሽማግሌ ይላካል፣ አበጋር የሚባለው የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ባለበት አበጋሩ ይቀመጣል። ቀጠሮው ለሳምንት ይያዛል፣ ባልየው ከቀረ ሌላ ሳምንት ይጨመራል። እስከዚያ ቁስሉ ይጠግጋል፣ የሕክምና ካርድ ላይ የሚጻፍ ነገር ይጠፋል፤ 556 ሊሆን የሚችለው 560 ይሆናል። ዕርቁ ሲወርድ የሚባለው "ክሱን አንሺ" ነው።

አበጋሩን መንቀፋችን አይደለም፤ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሥርዓት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይለወጥ። በዚያው ቀን ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ ወደ ሕክምና የሚልክ ደብዳቤ መያዝ፣ ሐኪሙ የቁስሉን ቦታ፣ ርዝመትና ቀለም እንዲጽፍ መጠየቅ፤ "ተመትታለች" ብቻ የሚል ማስረጃ ችሎት ላይ አይቆምም። ከዚያ አቤቱታ። ሽማግሌው ስለ ልጅ ቀለብ፣ ስለ ከብቱና ስለ መሬቱ ከዚያ በኋላ ይምከር።

ሕጉ በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በጠለፋ አይተናል። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ዛሬ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጥላል፤ በኋላ መጋባታቸው ክሱን አያስቀርም፤ "ከተጋቡ አለቀ" የሚል ሽማግሌ ሕግ አያግዘውም። ሚስትን ለሚደበድብ ግን በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ሕግ አውጪው በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባን ሁሉ ያለ አቤቱታ የሚያስከስስ ቢያደርገው፣ "አንሺ" የሚሏት ሴት "የእኔ ሥልጣን አይደለም" የምትልበት መልስ ታገኛለች።

የሕግ ባለሙያዎች፣ ከደሴ