የእንጦጦዋን ማኅተም የወሰድክ ሰው፣ እባክህ መልሳት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ይቺን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ሰው ካነበባት ብዬ ነው፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቀውም። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ድንጋይ ስር ከተቀመጠች ዕቃ ማኅተም ያነሳው ሰው ነው። ከላጲስ የተቀረጸች፣ የጅብ ምስል ያላት፣ አውራ ጣት የምታክል ማኅተም። ብትሸጥ አምስት ብር አታወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሽሮሜዳ ነው የምኖረው፣ ሐኪም ስኳርህ ከፍ ብሏል ተራመድ ካለኝ ወዲህ እሁድ እሁድ ጠዋት ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ላይ እንወጣለን፣ በአስፋልቱ ሳይሆን እንጨት የሚሸከሙት እናቶች በሚወርዱበት የእግር መንገድ፣ ሯጮቹ ሽው እያሉ ያልፉናል እኔ እያለከለክኩ እቀራለሁ፣ ቦታው ከባህር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ስለሆነ ነው እያልኩ እራሴን አጽናናለሁ። መስከረም ላይ ልጁ ጫማውን ሊያስር እግሩን አንድ ድንጋይ ላይ ሲያደርግ ድንጋዩ ተነቃነቀና ከስሩ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ብቅ አለ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ መተት ነው። ጫካ ውስጥ፣ በጥቁር ፌስታል፣ ድንጋይ ስር፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? "አትንካ!" ብዬ ጮህኩበት፣ አማተብኩ፣ እንደውም በዚያው ኪዳነ ምሕረት ጸበል እንሂድ ልል ነበር። በዚህ መሀል አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ደረሱ፣ ሸክማቸውን ገደሉ ላይ አስደገፉና ሳቁብን። "ምነው ልጆቼ፣ ደብተር እኮ ነው! እኔ ስንቴ አየሁት፣ የሰው ዕቃ ነው እያልኩ እመልሰዋለሁ" አሉን።

እውነትም ደብተር ነው። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ጅቧ ማኅተም፣ የማኅተም ቀለም፣ ደግሞ በእጅ የተጻፈች ወረቀት "ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ማኅተሙን ደብተራችሁ ላይ ምቱ፣ የእናንተን ምልክት እዚህ ተዉ፣ ከዚያ እንደነበረ መልሱ" የምትል። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ለአንዲት ወረቀት ማኅተም አንድ መሥሪያ ቤት አራት ቀን ተመላልሻለሁ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው ወጥተዋል፣ ነገ ይምጡ። እዚህ ጫካ ውስጥ ያለ ሰልፍ፣ ያለ ፎቶ ኮፒ፣ ጠብ! አድርጌ መታሁ። ደብተር ስላልያዝኩ የመታሁት የሐኪም ቀጠሮ ካርዴ ላይ ነው፣ ነርሷ ጅቡን አይታ ምን እንዳሰበች እንጃ።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ሌተርቦክሲንግ ይባላል አለኝ። የተጀመረው እንግሊዝ አገር ዳርትሙር የሚባል ረግረግና ድንጋይ የበዛበት ደጋ ላይ ነው፣ በፈረንጅ 1854 ጄምስ ፔሮት የሚባል መንገድ መሪ ክራንሜር ፑል የሚባል፣ ለመድረስ የሚያስቸግር ቦታ ላይ ጠርሙስ አስቀመጠ፣ እዚያ ድረስ የለፋ ሰው የስም ካርዱን ይጥልበታል። በኋላ ሰዎች አድራሻ የተጻፈበት ፖስት ካርድ መተው ጀመሩ፣ ቀጥሎ የሚደርሰው መንገደኛ ይዞ ይወርድና ፖስታ ቤት ያስገባላቸዋል። ይቺ ናት የገረመችኝ። ቤቴ ድረስ ፖስተኛ መጥቶ አያውቅም፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥርም የሚኖረው ያለው ሰው ነው፣ እነሱ ግን የማያውቁትን መንገደኛ ፖስተኛ አደረጉት። በፈረንጅ 2000 ደግሞ የጂፒኤስ ምልክት ለሲቪሉ ጥርት ብሎ ሲለቀቅ በሳተላይት የሚፈለገው ዓይነት አሜሪካ ተጀመረ፣ እሱ ጂኦካሺንግ ነው። የኛ ያው የድሮው ነው፣ ድንጋይና ላጲስ።

ደብተሩ ላይ ብዙ ሰው የለም። "ሦስተኛ ዙሬ ነው፣ እግሬ አለቀ" ያለ ሯጭ አለ፣ ጥንድ ፍቅረኞች አሉ፣ ቀሪውን ዝናብ በልቶታል። እኛም ጻፍን። እናታችንን "እርስዎም ምልክት ይተዉ" ስላቸው "እኔ መጻፍ የት አውቄ" አሉ፣ ከዚያ ትንሽ ቆም ብለው "አሻራ ይሆናል?" አሉኝ። እንዴት አይሆንም! ቀለሙ ደርቋል፣ እፍ እፍ ብለው አውራ ጣታቸውን ጫን ሲያደርጉ ወይን ጠጅ አሻራ ገጹ መሀል ላይ ቁጭ አለ። ስንት ጊዜ ሲመልሱት የኖሩት ደብተር ላይ ያኔ ነው የገቡት።

ደብተሩ ርሶ ስለነበር ቤት ወስጄ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፣ ክዳኑ ጎማ ያለው የምሳ ዕቃ ገዝቼ በሳምንቱ ወደ ቦታው መለስን (የዕቃው ባለቤት ይህን ካነበብክ ሳላስፈቅድህ ቀይሬያለሁ፣ ይቅርታ)። ለሚመጣው ሰው ቆሎ ልጨምርበት ስል ልጁ ከለከለኝ፣ ምግብ አይገባም፣ አውሬ ሸቶት ያወጣዋል አለ። እንጦጦ ላይ ጅቡም ጦጣውም ስላለ እውነቱን ነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይተን ስንሄድ ማኅተሟ የለችም። ደብተሩ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ የኔ አዲስ ምሳ ዕቃ እንኳን አለ! ሌባ ቢሆን ምሳ ዕቃውን ይወስድ ነበር፣ ስለዚህ ሌባ አይደለህም፣ ደስ ብላህ ለማስታወሻ ያነሳሃት ነው የሚመስለኝ፣ ወይ ልጅህ አሻንጉሊት መስላው ኪሱ ከቷት ይሆናል። የሚወሰደው ግን ምቱ ነው፣ ማኅተሟ አይደለችም። አዲስ ላጲስ ገዝቼ ልቀርጽ ሞክሬ ነበር፣ የወጣው ጅብ ሳይሆን በግ ነው።

ጓደኛዬ ቡና ላይ ይሄን ስነግረው "ተው ባክህ፣ የፈረንጅ ጨዋታ ነው" አለኝ። እንዴ፣ ዙሪያችን ያለው ባህር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ አይደል? ዛሬ ባህር ዛፍ የሌለበት እንጦጦ ማን ያውቃል፣ እኚያ እናት የሚሸከሙትም እሱን ነው።

ባለፈው እሁድ እዚያው ዳገት ላይ አገኘኋቸው። "ጅቡ ተገኘ?" አሉኝ ከሰላምታው በፊት። አልተገኘም አልኳቸው። እንግዲህ ቦታዋን ታውቃለህ፣ ስታስቀምጣት በፌስታል ጠቅልላት፣ ድንጋዩን ከላይ መመለስ አትርሳ።

አንባቢያችሁ ነኝ
ከሽሮሜዳ